ከሰሉ ሳሎን ቁጭ ብሎ የአየር ማጣሪያው ምን ያድርግ?

ጥያቄው የመጣው ከደሴ ነው። ባጭሩ እንዲህ ይላል፦

«ቤታችን ሰኞ ገበያ አካባቢ ያለ የጭቃ ቤት ነው። ሳሎን፣ አንድ መኝታ ክፍልና ከኋላ የተቀጠለ ማድ ቤት አለው። የማድ ቤቱ በር የሚከፈተው ወደ ሳሎን ነው። እንጀራ በእንጨት እንጋግራለን። ቡና በቀን ሁለቴ ሳሎን ውስጥ በከሰል ይፈላል፤ እጣኑም አይቀርም። ብርድ ሲጠና ማታ ማታ ፍሙን መኝታ ክፍል እናስገባለን። እናቴ አስም አለባት። ክረምት ሲገባ ደግሞ ግድግዳው ይሻግታል። ውጭ አገር ያለው ወንድሜ የአየር ማጣሪያ ማሽን ልላክላችሁ ይላል። ጎረቤታችን አበባ በብዛት አስገቡ ትላለች። ፋን ይበቃል የሚልም አለ። የቱ ይሻለናል?»

እህቴ፣ ማሽን፣ አበባ ወይስ ፋን ብለሻል። ከሦስቱም በፊት ግን ማታ መኝታ ክፍል ስለሚገባው ፍም እናውራ። ሌላው ሁሉ ቀስ ብሎ ይደርሳል። እሱ ከዛሬ ማታ ጀምሮ ይቁም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከሰል መጀመሪያ ሲያያዝ ይጨሳል፣ ዓይን ያቃጥላል። ስለዚህ ሁላችንም ደጅ አውጥተን እናራግበዋለን። ቀላ ሲል፣ ጭሱ ሲጠፋ፣ «አሁን ደርሷል» ብለን እናስገባዋለን። የጠፋው ግን የሚታየው ጭስ ብቻ ነው። ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባለው ጋዝ ፍሙ እስኪከስም ድረስ ይወጣል። ቀለም የለውም፣ አይሸትም፣ ጉሮሮም አይከረክርም። ሌሊቱን ቀስ እያለ እንዲያሞቅ ተብሎ አመድ የሚደፋበት ፍም ደግሞ አየር እያጠረው የሚነድ ነው። ጋዙን መልቀቁን አያቆምም። እናንተ ተኝታችኋል፣ እሱ ይሠራል።

ይህ ጋዝ ደም ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመውን ሄሞግሎቢን ይይዘዋል። አያያዙም ከኦክስጅን ከ200 እጥፍ በላይ ይጠነክራል። ደሴ ደግሞ ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ናት። እዚያ በአንድ ትንፋሽ የሚገባው ኦክስጅን ባሕር ጠለል ላይ ካለው ሩብ ያህል ያንሳል። ገና ከሰሉ ሳይነድ አየሩ ሳሳ ያለ ነው ማለት ነው። ኮምቦልቻ ቁልቁል የወረደ አገር ስለሆነ ሙቀቱ ሰውን መስኮት ያስከፍታል። ደሴ ላይ ከጦሳ ተራራ የሚወርደው ብርድ መስኮቱን ብቻ አይደለም፣ የበሩን ሥር ሳይቀር በጨርቅ ያስደፍናል። ከሰልና የተደፈነ ክፍል ሲገናኙ የሚሆነውን ሁላችንም ሰምተናል።

ምልክቱ ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ማቅለሽለሽና የጉልበት መክዳት ነው። ቤት ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ባንድ ጊዜ ራሱን ካመመው፣ ደጅ ሲወጣም ቀለል ካለው፣ ጉንፋን ነው ብላችሁ አትለፉት። በሩን በርግዱት፣ ሰዉን አውጡ፣ ፍሙን ከዚያ በኋላ። ራሱን የሳተ ወይም የደነገዘ ካለ ቶሎ ሆስፒታል ይሂድ። ሎሚ ማሽተትም ሆነ ወተት መጠጣት ጋዙን ከደም አያወጣውም። የሚያወጣው ንጹሕ አየር ነው፤ እሱም ሰዓታት ይፈጃል። ሆስፒታል የሚሰጠው ኦክስጅን ይህን ጊዜ በብዙ ያሳጥረዋል።

ታዲያ ብርዱስ? ለመኝታ የሚሻለው በጎማ ከረጢት የተሞላ ሙቅ ውሃ ነው። ከመተኛታችሁ ግማሽ ሰዓት ቀደም ብሎ ብርድ ልብስ ሥር ይግባ። ጋቢ ደርቡ። መብራት ካለ የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ክፍሉን አሙቆ ሲተኛ ይጠፋል። ይኸው ነው። የከሰልን ያህል ሞቅ እንደማያደርግ አውቃለሁ።

አሁን ወደ ወንድምሽ ማሽን እንምጣ።

ጥሩ የሚባለው የአየር ማጣሪያ ሄፓ የሚባል ማጥሊያ አለው። በ0.3 ማይክሮን የሚለካ ብናኝ 99.97 በመቶውን ይይዛል። ማይክሮን የሚሊሜትር አንድ ሺህኛ ነው። የጭስ ብናኝ፣ የእጣን ብናኝ፣ የመንገድ አቧራ፣ የሻጋታ ዘር ሁሉ እዚያ ላይ ይቀራል። ለአስም በሽተኛ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ካርቦን ሞኖክሳይድ ግን ጋዝ ስለሆነ በሄፓው መሃል ሰተት ብሎ ያልፋል። ከሄፓው ጋር የሚገጠመው የካርቦን ማጥሊያም ሽታ ይቀንስ እንደሆነ እንጂ ይህን ጋዝ አይዝም።

እናንተ ቤት ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። ማጣሪያ የሚሠራው በርና መስኮት ተዘግቶ ነው። ከሰል የሚነድበት ቤት ግን በርና መስኮቱ መከፈት አለበት። ከፍታችሁ ካሠራችሁት ማሽኑ የሰኞ ገበያን አየር ሲያጣራ ይውላል። ዘግታችሁ ካሠራችሁት ጭሱን ይለቅማል፣ ጋዙ ይቀራል። ይባስ ብሎ የብዙዎቹ ማሽኖች መብራት የሚለካው ብናኝ ብቻ ነው። ጭሱ ሲቀንስ አረንጓዴ ይሆናል። ቤተሰቡም አረንጓዴውን አይቶ ይተማመናል። ከሰል በሚነድበት ቤት ይህ መብራት ሰውን ያዘናጋል። ስለዚህ አሁን አይላክ። ወደ መጨረሻው እመለስበታለሁ።

አበባውን ቶሎ ልጨርሰው። «ተክል የቤት አየር ያጣራል» የሚለው ወሬ የገነነው ናሳ እ.ኤ.አ. በ1989 ካወጣው ጥናት በኋላ ነው። ያ ጥናት የተሠራው አየር በማያስገባ ትንሽ ሳጥን ውስጥ ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣ ሌላ ጥናት የተሠሩትን ሙከራዎች ሰብስቦ አሰላው። ቤት ውስጥ ልዩነት ለማምጣት በአንድ ካሬ ሜትር ወለል ላይ ከ10 እስከ 1,000 ተክል ያስፈልጋል ማለት ሆነ። ያ ቤት ሳይሆን ችግኝ ጣቢያ ነው። የሚጠጣው ውሃም ለሻጋታችሁ እርጥበት ይጨምርለታል። ለውበት አንድ ሁለት ይኑር፣ ግድ የለም። በረንዳ ላይ ቢሆን ደግሞ የተሻለ።

ፋን የምትሉት ነገር ግን ሥራ አለው፤ ከሳሎን ይልቅ ማድ ቤት ውስጥ። ሳሎን መሃል ቁጭ ብሎ የሚዞር ፋን ጭሱን ያማስላል እንጂ የትም አያወጣውም። መጀመሪያ ግን የቤታችሁን አየር አካሄድ እወቂ። ለዚህ መሣሪያ አያስፈልግሽም፣ አንድ ሰንደል ይበቃል።

እንጀራ በሚጋገርበት ሰዓት ሰንደሉን ለኩሺ። ሳሎንና ማድ ቤቱን የሚያገናኘውን በር ገርበብ አድርጊው። ሰንደሉን መጀመሪያ ከጉልበትሽ ዝቅ አድርገሽ ክፍተቱ ላይ ያዥው። ቀጭኗ ጭስ ወደ የት እንደምታዘነብል እዪ። ቀጥለሽ በርጩማ ላይ ቁሚና ከበሩ ራስጌ ላይ ያዥው። እንዲህ ባሉ ቤቶች የማየው ብዙ ጊዜ አንድ ነው። ከታች ጭሷ ወደ ማድ ቤት ትሳባለች። ከላይ ግን ዞራ ወደ ሳሎን ትመጣለች። ሰው የታችኛውን ብቻ አይቶ «ይኸው፣ ማድ ቤቱ ይስባል» ብሎ ይረካል። ትኩሱ ጭስ ግን ላይ ላዩን በኮርኒሱ ሥር እየተሳበ ሳሎን ይገባል። ኮርኒሳችሁን ቀና ብለሽ ካየሽ ከማድ ቤቱ በር በላይ ያለው ጥግ ከሌላው ይልቅ ጠቁሮ ታገኚዋለሽ። ጥላሸቱ መንገዱን ጽፎ አስቀምጦልሻል።

መላው ከዚህ ይነሳል። ጭሱ በገዛ ፈቃዱ ወደ ላይ ይሄዳል። እዚያ መውጫ ካገኘ ወደ ሳሎን አይመጣም። ስለዚህ ማድ ቤቱ ከቆርቆሮው ሥር፣ ግድግዳውና ጣሪያው በሚገናኙበት ላይ፣ ሰፋ ያለ ክፍተት ይኑረው። ነፋስ ከሚመጣበት ወገን አይሁን፤ ጭሱን መልሶ ይገፋዋል። ከታች ደግሞ አየር የሚገባበት ያስፈልጋል። ማድ ቤቱ ወደ ውጭ በር ከሌለው አንድ ይውጣለት። የጭቃ ቤት ደግነቱ ይሄ ነው፣ ቋሚውን ሳይነኩ በር ማውጣት ብሎኬት እንደመስበር አያስቸግርም። ያ ሲሆን የሳሎኑ በኩል ያለው በር ምግብ ሲሠራ ሁሌም ይዘጋ። ተራ የጠረጴዛ ፋን ካላችሁ የላይኛው ክፍተት ላይ ፊቱን ወደ ውጭ አዙራችሁ አስቀምጡት፤ ዙሪያውን በቺፑድ ድፈኑት። ካልደፈናችሁት ያስወጣውን ጭስ በጎኑ መልሶ ይስበዋል። ከዚያ ሰንደሉን መልሰሽ ሞክሪ። ከላይም ከታችም ወደ ማድ ቤት ከተሳበ ተሳክቷል።

ይህ ሁሉ የወጣውን ጭስ መሸኘት ነው። ዋናው ግን ጭሱን መቀነሱ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣው መመሪያ ከ2.5 ማይክሮን የማይበልጠው ብናኝ በ24 ሰዓት አማካይ በአንድ ሜትር ኩብ አየር ከ15 ማይክሮግራም እንዳይበልጥ ይመክራል። ጭስ ማውጫ በሌለው ማድ ቤት ጉልቻ ሲነድ በመቶዎች፣ አንዳንዴም ከሺህ በላይ ይሆናል። መስኮት መክፈት ብቻውን ይህን አያካክሰውም።

ስለዚህ ገንዘብ የሚወጣ ከሆነ መጀመሪያ ለኤሌክትሪክ ምጣድ ይውጣ። ወንድምሽ ለማሽኑ ያሰበውን ብር ወደዚህ ቢያዞረው እመርጣለሁ። አንድ ነገር ግን አደራ። የእንጀራ ምጣድ 3,500 ዋት ገደማ ይስባል። በ220 ቮልት ሲሰላ 16 አምፔር አካባቢ ነው። የድሮ ጭቃ ቤት ውስጥ ለአምፖል የተዘረጋ ቀጭን ገመድ ይህን አይችልም። ይግላል፣ ይቀልጣል፣ ጭስ ሸሽተን እሳት እንጠራለን። ኤሌክትሪሻን ጠርታችሁ ከቆጣሪው ራሱን የቻለ ወፍራም መስመር ከነብሬከሩ ይሳብለት።

«መብራት ሲጠፋስ?» ትዪኛለሽ። ልክ ነሽ። ለዚያ ቀን ምርጥ ምድጃ ይኑራችሁ። ምጣዱን ዙሪያውን የሚከብበው ከሲሚንቶ የሚሠራው ምድጃ ነው። ከግልጥ ጉልቻ አንጻር እንጨቱን እስከ ግማሽ ድረስ ይቆጥባል። ጭሱን ግን አያጠፋውም፤ ከኋላው ይወጣል። ስለዚህ የቆርቆሮ ቧንቧ ተገጥሞለት ከጣሪያው ጫፍ ከፍ ብሎ ይውጣ። ዝናብ እንዳይገባ ባርኔጣ ይደረግለት። ቧንቧው እንጨትና ኮርኒስ እንዳይነካ። ውስጡን የሚይዘው ጥቀርሻም በየጊዜው ይጠረግ፤ ሲደፈን መሳቡን ያቆማል። እንጨቱ ደግሞ ደረቅ ይሁን። እርጥብ ባሕር ዛፍ ጉልበቱን ውሃ ሲያተን ያባክናል፣ ጭሱም ይበዛል። በፌስታል ማቀጣጠልን ተዉት። ለአንድ ደቂቃ ምቾት ሲባል አስም ያለባቸው እናት የፕላስቲክ ጭስ መተንፈስ የለባቸውም።

ቡናውን አንስቼ እንዳልተወው ወሎ ነን። እናትሽን ከቡናቸውና ከዱአቸው ላጣላ አልመጣሁም። አብሽሪ፣ ቡናው ይቀጥላል፤ ቦታው ነው የሚቀየረው። ከቡና ሥነ ሥርዓቱ ውስጥ አየር የሚያበላሹት ሦስት ናቸው፤ ከሰሉ፣ ሲቆላ የሚወጣው ጭስና እጣኑ። መቁላቱ በረንዳ ላይ ይሁን፤ የተቆላውን ለማሽተት እንደሁ ምጣዱን ይዞ ገባ ብሎ መውጣት ይበቃል። ማፍላቱ በኤሌክትሪክ ምድጃ ይሁን። የሸክላ ጀበና ድንገተኛ ሙቀት አይወድም፣ በዝቅተኛ ሙቀት ይጀመር። ረከቦቱም ሲኒውም ጉዝጓዙም እንደነበረው ሳሎን ይጠብቃል፤ አቦልም ቶናም በረካም እዚያው ይቀዳል። ጉዝጓዙ ግን በማግስቱ ይጠረግ። እርጥብ ሣር ወለል ላይ ሲያድር ሲከራርም ሻጋታ ያበቅላል።

የሚያስቸግረው እጣኑ ነው። ፍም ላይ የሚጨስ እጣን፣ ሉባንጃም ሆነ ሰንደል፣ ደቃቅ ብናኝ ይሰጣል። ለአስም ደግሞ ከቀስቃሾቹ አንዱ ነው። ሽታው ደስ ማሰኘቱ ሳንባን አያሳምነውም። እናትሽ ይተዉ ብትዪያቸው እሺ ላይሉ ይችላሉ። ትንሽ ቁራጭ፣ ለአጭር ጊዜ፣ በሩ ክፍት ሆኖ፣ እሳቸው ከማጨሻው ራቅ ብለው ይቀመጡ። ሳሉ ሲነሳባቸው በሰነበተ ጊዜ ጭራሽ አይጨስ። ወይባ የሚሞቁ ከሆነም ይህን ከሐኪማቸው ጋር ይነጋገሩበት። ብርድ ልብስ ተከናንቦ ጭስ ላይ መቀመጥን ለአስም በሽተኛ እኔ አልመክርም። የሚነፉት መድኃኒት ካላቸውም ጭሱ ቀነሰ ተብሎ በገዛ እጅ አይቋረጥ።

ሻጋታው የራሱ ታሪክ አለው። ምንጩ ውሃ ነው። ውሃው ሳይቆም በበረኪና ብታጥቢው በወሩ ይመለሳል። ሐምሌ ላይ ዣንጥላ ይዘሽ ቤቱን አንዴ ዙሪውና ውሃው ከየት እንደሚመጣ እዪ። ከቆርቆሮው የሚወርደው ጠፈጠፍ ግድግዳው ሥር የሚያርፍ ከሆነ አሸንዳ ይሠራለት፣ መሬቱም ከግድግዳው ወደ ውጭ እንዲያዘነብል ይደልደል። ልብስ ቤት ውስጥ አታስጡ። አልጋና ቁም ሣጥን ከግድግዳው አንድ ስንዝር ይራቁ፤ ከጀርባቸው አየር ካልዞረ ሻጋታው መጀመሪያ የሚወጣው እዚያ ነው። የሻገተው ልስን ተፍቆ ይነሳ፣ ሲደርቅ በኖራ ይቀባ። ኖራ ሻጋታ የማይወደው ነገር ነው፣ በዚያ ላይ ርካሽ ነው። ሲፋቅ እናትሽ ቤት አይኑሩ። በረኪናን ደግሞ ከሌላ ማጽጃ ጋር አትቀላቅሉ፤ መርዛማ ጋዝ ይወጣዋል።

ለወንድምሽ ምን ልበለው ካልሽ፣ የካርቦን ሞኖክሳይድ ማንቂያ ይላክ። ትንሽ ናት፣ በባትሪ ትሠራለች፣ ዋጋዋም ከማጣሪያው ጋር አይወዳደርም። ጋዙ ሲበዛ ትጮኻለች። መኝታ ክፍሉ ውስጥ አልጋ ላይ በተኛ ሰው ራስ ከፍታ ግድግዳ ላይ ትሰቀል። ዕድሜ አላት፤ እንደ ዓይነቷ ከ5 እስከ 10 ዓመት ነው፣ ጀርባዋ ላይ ተጽፏል። አሮጌ ማንቂያ በቅናሽ አገኘሁ ብሎ እንዳይገዛ። የጭስ ማንቂያ ከሚባለውም ጋር እንዳያምታታው፤ ያኛው ለእሳት ቃጠሎ ነው፣ ይህን ጋዝ አይለይም። እሷ ስላለች ደግሞ ፍሙ መኝታ ክፍል ይመለስ ማለት አይደለም።

ከሰሉ ከቤት ወጥቶ፣ እንጀራው በኤሌክትሪክ ሆኖ፣ የእናትሽ ሳል አሁንም ካልተሻለው ያኔ ማጣሪያው ለመኝታ ክፍላቸው ይምጣ። ለሳሎን አይሆንም፤ ሰው ሲገባ ሲወጣ በሩ አይዘጋም። ክፍሉ 12 ካሬ ሜትር፣ ቁመቱ 2.5 ሜትር ቢሆን 30 ሜትር ኩብ አየር ይይዛል። ይህን በሰዓት አምስት ጊዜ ለማጣራት በሰዓት 150 ሜትር ኩብ የሚገፋ ማሽን ይበቃል። ቁጥሩ ካርቶኑ ላይ ይጻፋል። ኦዞን አመነጫለሁ የሚል ከሆነ አይገዛ፣ ኦዞን ራሱ ሳንባ ይቆጣል። 220 ቮልት የሚቀበል መሆኑን ይይ፤ ለአሜሪካ ገበያ የተሠራው ብዙው 110 አካባቢ ነው፣ እዚህ ሲሰካ ይቃጠላል። ማጥሊያው ብዙ ጊዜ በስድስት ወር ወይም በዓመት ይቀየራል፣ ጭስ ባለበት ቤት ከዚያም ይፈጥናል። ስለዚህ ከመክፈሉ በፊት የመለዋወጫውን ዋጋ ይጠይቅ፣ ከማሽኑ ጋርም ሁለት ሦስት ማጥሊያ አብሮ ይላክ።